ያላላበው ክዳን

ምንታምር በየቀኑ ምሳዋን የምትበላው ከዓሣ ወደቡ ጀርባ፣ በበረዶ ማምረቻውና በመረብ መጠገኛው መጋዘን መካከል በተሸጎጠች፣ በሯ ላይ የባሕር ጨው ያነጣው ሰማያዊ መጋረጃ በተንጠለጠለባት ጠባብ ቤት ነበር። ቤቷ ጠረጴዛ የላትም። አንድ ረጅም የእንጨት ባንኮኒና ፊት ለፊቱ የተደረደሩ ሰባት ክብ መቀመጫዎች ብቻ አሏት፤ የሚበላው ሰው ሁሉ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ማብሰያው አዙሮ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር አንዲት ቃል ሳይለዋወጥ በልቶ ይወጣል። የምግቡም ዓይነት አንድ ነው። በጎድጓዳ ሳህን እንፋሎቱ ፊት የሚመታ ትኩስ ሩዝ፣ በላዩ ላይ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ቱና፣ ጥሬ ሳልሞን፣ የተላጠ ሽሪምፕ፣ ቀኑ ጥሩ ከሆነ ደግሞ እንደ ጨሌ የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ የዓሣ እንቁላል። ከጎኑ ትንሽ ሾርባ ይቀርባል።

አብረዋት የሚሠለጥኑት ሰዎች ጥሬ ዓሣ አትነካም ብለው ተወራርደውባት ነበር። የሀዋሳ ልጅ መሆኗን ማን ነግሯቸው? ሐይቁ ዳር ያደገች፣ ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ ዓሣ እዚያው ተገፎ በዳጣ ሲበላ ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችና የበላች ሴት በጥሬ ዓሣ አትደነግጥም። የቸገራት ዳጣው ብቻ ነበር፤ ለእሱም ከቤት ያመጣቻት አንዲት ብልቃጥ ሚጥሚጣ ቦርሳዋ ውስጥ አለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አሥር ዓመት ሙሉ ቴርሞሜትር ስታነብና ዓሣ ስታሸት ኖራ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ለአምስት ወር ሥልጠና በሰሜን ጃፓን ወዳለችው ወደዚህች ትንሽ የወደብ ከተማ ተላከች።

ባሏ ተካልኝና ልጇ ኤፍራታ ሀዋሳ ቀርተዋል። ኤፍራታ በመጋቢት አጋማሽ ሰባት ዓመት ይሞላታል፤ ምንታምር ከዚያ በፊት እንደምትመለስ፣ ኬኩን አብረው እንደሚቆርሱ ምላላት ነው የወጣችው። ልጅቷ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ እያንዳንዱን ቀን በቀይ እርሳስ ትሰርዛለች። እናትየው ምሳዋን በልታ ሰባት ሰዓት ላይ ስትወጣ ሀዋሳ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ የወደቡ ግንብ ላይ ቆማ፣ ነፋሱ ጆሮዋን እየቆረጣት፣ ኤፍራታ ቁርሷን ስትበላ ትደውልላታለች። መጀመሪያ የምትጠይቃት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

«እንብላ ብለሻል?»

«ለአባዬ ብያለሁ። ለዘበኛውም ብያለሁ፤ አይ ጠግቤያለሁ አለኝ።»

«እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ይላል። ጨዋነት ነው፤ አንቺ ግን አትተይውም። አጉርሺና በሞቴ በይው።»

ልጅቷም ትስቃለች። ይህችን ሳቅ ይዛ ነው ምንታምር ከሰዓት በኋላውን በበረዶና በዓሣ አንጀት መካከል የምትገፋው።

የዚያች ቤት ነገር ግን ልቧን አላሳርፍ አላት። ምግቡን ወዳዋለች፤ አበላሉን ነው ያልወደደችው። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቧ ለተቀመጠ የጎማ ቦቲ ላደረገ ሰውዬ በቋንቋዋ እንብላ ብትለው፣ የእሷን ሳህን አየ፣ የራሱን አየ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይቅርታ የሚመስል ነገር ተናገረና ሳህኑን በአንድ ጣት ያህል ወደ ወዲያ አሸሸ። ከዚያ ወዲህ በአፏ አትልም፣ በልቧ ግን ትላለች። ስድስት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ እያንዳንዱ ለብቻው ሲበላ የሚሰማው ድምፅ፣ የመብያ እንጨቱ ከሳህን ጋር የሚያደርገው ትንሽ ኮሽታ፣ የሾርባው ፉት ፉት፣ የአየር ማውጫው የማያባራ ጉርምርምታ፣ ለቅሶ ቤት የገባች እንጂ ምግብ ቤት የገባች አይመስላትም ነበር።

በጥር መጀመሪያ፣ በረዶ በሚወርድበት አንድ ቀን፣ ዘግይታ ስትደርስ ከስድስተኛው መቀመጫ በቀር ሁሉም ተይዟል። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ትቀመጥ ስለነበር ያንን ጥግ ልብ ብላው አታውቅም። ሰባተኛው፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ያለው፣ ሰው አልነበረበትም፤ ፊት ለፊቱ ግን ክዳን ያለው ጥቁር ሳህን፣ ሻይና የመብያ እንጨት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ ጀልባ ላይ ቆሞ ዓይኑን ከፀሐይ በእጁ የከለለ የአንድ ጎልማሳ ፎቶ አለ። ምንታምር ሰውየው እጁን ሊታጠብ የሄደ መሰላት። ሊመጣ ያለ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ቀድሞ መጀመር ነውር ስለሆነባት ጠበቀችው። ሩዟ ቀዘቀዘ፣ ሰውየው አልመጣም።

የቤቱ ባለቤት ፉሚኮ የሚባሉ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ እጃቸው ግን እንደ ወጣት እጅ የሚፈጥን አሮጊት ናቸው። ሳትበላ መቀመጧን አይተው መጡ። ምንታምር ጃፓንኛው ቢያልቅባት ስልኳ ላይ ያለውን አስተርጓሚ አወጣችና የማን ምግብ እንደሆነ ጠየቀች። ሴትዮዋ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ስልኩም ስሜት በሌለው ድምፁ «የልጄ ነው። አይመጣም። ብይ» አለ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ቀሪውን ነገሯት። ልጃቸው ሺጌሩ ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ከአራት ጓደኞቹ ጋር ለዓሣ ወጥቶ ጀልባዋ ተገኘች፣ እነሱ አልተገኙም። የድሮ ሰዎች ወግ አለ፤ መንገድ የሄደ ሰው ካለ ቤተሰቡ በየቀኑ ምግቡን አቅርቦ ይከድንለታል። መጨረሻ ላይ ክዳኑ ይነሣል። ክዳኑ ከውስጥ በኩል አልቦት ጠብታ ከያዘ፣ የሄደው ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው። ደረቅ ከሆነ ግን፣ አሉና አልጨረሱትም። ክዳኑን አንሥተው አሳዩዋት። ደረቅ ነው።

ምንታምር የሃያ አንድ ዓመት ክዳን ሲከፈት ታያት። ከኀዘኗ ሥር ግን ሌላ ነገር ተነቃነቀባት። ሥራዋ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው፤ ትኩስ ነገር ሲከደን ክዳኑ ማላብ አለበት፣ ይህን ለማወቅ ወግ አያስፈልግም። ሩዙ ቀዝቅዞ ተከድኖ ይሆናል ብላ፣ ፉሚኮ ፊታቸውን ሲያዞሩ ጣቷን ሰደድ አደረገች። ሩዙ ያቃጥላል። ክዳኑን ከውስጥ ዳሰሰችው፤ በፀሐይ የዋለ ሸክላ ይመስል ደረቅ ነበር። ጣቷን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች፣ ያን ቀን ለኤፍራታ ስትደውል ስለ ምን እንዳወራች አላስታወሰችም።

በማግስቱ ሌላ መቀመጫ እያለ ስድስተኛው ላይ ሄዳ ተቀመጠች። አጠገቧ የቀረበ ምግብ አለ፣ የሚበላው የለም፣ እሷም ሦስት ወር ሙሉ እንብላ የምትለው ሰው አጥታ ሆዷ ባብቷል። እነዚያ ሁለት እንጨቶች ደግሞ ለማጉረስ አይሆኑም። ግራ ቀኝ አየች፤ ሁሉም በየሳህኑ ላይ አቀርቅሯል። በሦስት ጣቷ ካላት ሁሉ ትልቁን ሽሪምፕ ከሩዙ ጋር ጠቅልላ፣ ሚጥሚጣ ነካ አድርጋ፣ የሰባተኛውን ሳህን ክዳን በግራ እጇ ከፍታ አኖረችለት።

«እንብላ፣ ወንድሜ» አለች በቀስታ። «በሞቴ።»

ክዳኑን መለሰች። ወዲያው አሳፈራት፤ ለሙት ቀልድ የሠራች መሰላት። ከበስተግራዋ ያለው ሰው ማኘኩን አቁሟል። ቀና ብላ ስታየው እሷን ሳይሆን ሰባተኛውን መቀመጫ እያየ ነበር፤ ከዚያ ያልጨረሰውን ሳህን ትቶ ተነሣና ወጣ። በረዶው በተከፈተው በር ገባ፣ አብሮትም የናፍጣና የበሰበሰ ገመድ ሽታ ገባ፣ በሩ ሲዘጋ ግን ሽታው አልወጣም።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ሲዘጋ፣ ምንታምር ገና ሳትወጣ፣ ፉሚኮ ክዳኑን አነሡ። ክዳኑን በሁለት እጃቸው እንደያዙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከክዳኑ ውስጥ አንድ ጠብታ፣ ከዚያም ሌላ፣ በክንዳቸው ላይ ወረደ። ምንታምር የእኔ ጉርሻ ነው፣ ክዳኑን ስከፍት አየር ገብቶ ነው ልትል አፏን አዘጋጅታ ነበር፤ የሴትዮዋን ፊት ስታይ ተወችው። ሳህኑ ውስጥ ሩዙ አልተነካም። ሽሪምፑ ግን የለም።

አይጥ ነው ብላ ተኛች። ደግሞ አንድ ጉርሻ አጉርሶ መተው ደስ አይልም፤ ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ሁለተኛውን፣ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውን አጎረሰች። በሦስተኛው ቀን ጉርሻውን ሳህኑ ውስጥ ልታኖር ስትል ጣቶቿን አንድ ነገር ነካቸው። እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር፤ ለስላሳም ነበር። የከንፈር ያህል ለስላሳ። እጇን መነጨቀችና ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምሳው እስኪያልቅ ድረስ ወደ ጎን ሳታይ ተቀመጠች፤ ከአየር ማውጫው ጉርምርምታ ሥር፣ በጣም ቅርብ፣ አንድ ሰው ሳይቸኩል ያኝክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በጥቂት በጥቂቱ መጣ። መጀመሪያ ሩዟ መጤስ አቆመ። ፉሚኮ ከአንድ ድስት ለሁሉም ያወጣሉ፣ የሌላው ሰው ሳህን ይጤሳል፣ የእሷ ፊት ለፊቷ እንደተቀመጠ ዝም ይላል፤ ስትቀምሰው ግን ትኩስ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ትኩስ መሆኑን እርግጠኛ አልሆነችም። የሰባተኛው መቀመጫ ቆዳ በየጠዋቱ ረጥቦ ይገኛል፣ ፉሚኮም እየሳቁ፣ እያለቀሱ፣ በጨርቅ ያደርቁታል። አንድ ማለዳ ሠልጣኞቹ አውቶቡስ ሲጠብቁ የሁሉም ትንፋሽ በብርዱ ውስጥ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ምንታምር ኡፍ አለች፤ ምንም አልወጣም። ደግማ ኡፍ አለች። እጇን አፏ ላይ ብታደርግ መዳፏ አልሞቀም።

«እማዬ» አለች ኤፍራታ በዚያው ቀን፣ «ውሃ ውስጥ ሆነሽ ነው እንዴ የምታወሪው?»

ምንታምር ነፋሱ ነው አለቻት። ስልኩን ዘግታ ግንቡ ላይ ቆመችና ነፋስ ፈለገች። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቷል።

ፈራች። ፍርሃቷንም ለራሷ አልደበቀችም፤ ከዚያች ቤት እግሬን አነሣለሁ ብላ ቆረጠች። በሥልጠና ማዕከሉ መመገቢያ አዳራሽ ሦስት ቀን በላች። በመጀመሪያው ቀን ምግቡ አሸዋ አሸዋ አላት። በሁለተኛው ቀን ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ አስተናጋጇ ከፊቷ ለነበረው ሰው ቀዳች፣ እሷን ዘላ ከኋላዋ ለነበረው ቀዳች። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀርብ ራሱ የሚከፈተው የመስታወት በር ፊቷ ላይ ተዘግቶ ቀረ፤ አንድ ሰው ከውስጥ ሲወጣ ሾልካ ገባች። አሠልጣኙ ስም ሲጠራ የእሷን ዘለለው። እጇን አወጣች፣ «አለሁ» አለች። ሰውዬው ወረቀቱን አጥፎ ትምህርቱን ጀመረ። ማታ ለተካልኝ ደወለች፤ ተካልኝ ሄሎ፣ ሄሎ ሲል ሰማችው፣ እሷም አለሁ፣ ይሰማሃል ወይ ስትል ቆየች፣ በመጨረሻ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ለልጁ «መስመሩ ላይ ሰው የለም» ሲላት ሰማች።

ቲኬቷ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ልግባ እንጂ፣ እዚያ አገር ልድረስ እንጂ፣ ሁሉም ይስተካከላል እያለች ሻንጣዋን ዘጋች፤ ለኤፍራታ የገዛችላትን ቀይ የዝናብ ቦቲ ከላይ አድርጋ። አንድ ነገር ብቻ ቀራት። የሰጠሁትን መልሱልኝ ማለት አለባት። ጉርሻ መልሱልኝ ተብሎ እንዴት እንደሚጠየቅ አታውቅም፤ ለማንም ተደርጎ አያውቅም። ግን ረሃቧ ከበዛ አራተኛ ቀኑ ነው፣ እግሯም ሳታዘው ወደ ወደቡ ይሄድ ነበር።

መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ቤቷ እንደዚያ ቀን ሞልታ አታውቅም። የወደቡ ሠራተኞች እየሳቁ ነው፣ አንዱ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል። እነዚያ ቃል የማይወጣቸው ሰዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። በስድስተኛው መቀመጫ ላይ፣ በእሷ መቀመጫ ላይ፣ ጀርባውን ለበሩ የሰጠ ጎልማሳ ተቀምጧል። ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ከማጅራቱ ውሃ እየተንጠባጠበ በቢጫ የጎማ ልብሱ ላይ ይወርዳል፣ ከሥሩ ወለሉ ረጥቧል። ከፊቱ ያለው ሳህን እስከ ጣሪያው ይጤሳል። ከጎን ስታየው ፎቶው ላይ ካለው ሰው አንድ ቀን እንኳ አልጨመረም። የመብያ እንጨቶቹ ሳይነኩ ጎኑ ተቀምጠዋል፤ እሱ በእጁ ነው የሚበላው፤ በሦስት ጣቱ ሩዙን ጠቅለል፣ በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ልክ እሷ ስታደርግ እንዳየው።

ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ባዶ የነበረው ሰባተኛው ብቻ ነው። አልቀመጥም ብላ ቆመች፤ ራሷን ግን ተቀምጣ አገኘችው፣ የመቀመጫው ቆዳ ከሥሯ ረጥቦ ተሰማት። ፉሚኮ መጡ። ፊት ለፊቷ ትኩስ ሩዝ አኖሩ፣ ሽሪምፕ ጨመሩ፣ ከየት እንዳገኟት እንጃ የሚጥሚጣዋን ብልቃጥ አጠገቡ አስቀመጡ። ቀና ብለው ግን አላዩዋትም። ከዚያ ክዳኑን ከደኑበት፣ መዳፋቸውን አጋጥመው ግንባራቸው ባንኮኒውን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ አሉ፤ ደግመው ደጋግመው አንድ ቃል ተናገሩ፤ ምንታምር በአምስት ወር ውስጥ ጥሩ አድርጋ የምታውቀው ቃል ነው። ይቅርታ ማለት ነው።

ልጅ አለችኝ አለቻቸው። በጃፓንኛ አለቻቸው፣ በአማርኛም አለቻቸው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ክዳኑ ተነሣ። ደረቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ምንታምር በቀን አልቆጠረችውም፤ በክዳን ነበር የምትቆጥረው። በየቀኑ ሩዙ ይመጣል፣ ይከደናል፣ ይነሣል፣ ይደርቃል። ታየዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ልትነካው ግን አትችልም፤ ያልሰጧትን መውሰድ ከእጇ ወጥቷል። በውጭ በረዶው ቀለጠ፣ ዝናብ መጣ፣ የኤፍራታ ልደት አለፈ። ልጅቷ ቀይ እርሳሷን ይዛ ያንን ቀን ሰርዛው ይሆን፣ ወይስ ባዶውን ትታው ይሆን እያለች ስታስብ ሊፈነዳ የሚደርስ ነገር ደረቷ ውስጥ ይነሣል፤ የምታለቅስበት እንባ ግን አልነበራትም። አጠገቧ ስድስተኛው ላይ ሰዎች ይቀመጣሉ፣ ያቀረቅራሉ፣ በልተው ይሄዳሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጨዋዎች ናቸው፤ የሰው ሳህን አያዩም፣ ከራሳቸው ሳህን አንሥተውም ለሰው አያጎርሱም። ሺጌሩ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን እዚህ እንደተቀመጠ ያን ጊዜ ገባት። አንዳንዴ ረሃቡ ሲብስባት ከአገሯ ሰው በመጣ ብላ ትመኛለች፤ ማንም ይሁን፣ አንድ እንብላ የሚል የሰው ልጅ። ኋላ በምኞቷ ታፍራለች። ማፈሯ ግን ከመመኘት አላስቀራትም።

እንደገና በረዶ በወረደበት አንድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ መጋረጃው ተገለጠና ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ገባ። አንዲት ልጅ እጁን ይዛለች። ምንታምር ሰውየውን ከማየቷ በፊት ቦቲውን አየች። ቀይ የዝናብ ቦቲ ነው፤ ጠቦታል፣ ልጅቷ አድጋለች፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ በቅለዋል።

ፉሚኮ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰው እየበላ ሳለ ዛሬ ዝግ ነው እያሉ ከባንኮኒው ኋላ እየተደናቀፉ ወጡ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው በሩን ሊከልሉ ሞከሩ። ተካልኝ ስልኩን አወጣ። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከስቶ፣ አርጅቶ ነበር። የጠፋች ሚስቱ በየቀኑ እዚህ ትበላ እንደነበር ማዕከሉ እንደነገረው፣ ዕቃዋን ሊወስድ እንደመጣ፣ ከመሄዳቸው በፊት የበላችውን አንድ ጊዜ ብቻ ሊበሉ እንደፈለጉ ስልኩ በዚያ ስሜት በሌለው ድምፁ ተናገረ። ከባንኮኒው ኋላ ዓሣ የሚቆርጠው ሺጌሩ ቀና አለ። ልጅቷን አየና ፈገግ አለ፤ ሁለት ሳህን አውጥቶ አምስተኛውና ስድስተኛው መቀመጫ ፊት አኖራቸው።

ኤፍራታ ስድስተኛው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ምንታምር አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ እሱም አሁን አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። የልጅቷ ፀጉር ያው የድሮው ቅባት ይሸታል። ሳህኗ ይጤሳል።

«አባዬ፣ ይኼ የተከደነው የማን ነው?»

ተካልኝ ጠየቀ። መልሱን ከስልኩ ላይ አነበበላት። «የእማዬ ነው። ለእሷ ብለው ነው የሚያስቀምጡት።»

«ታዲያ እማዬ ሳትበላ እኛ እንበላለን?»

እንጨቶቹን አስቀመጠች። በሦስት ትንንሽ ጣቶቿ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ ሩዙንና ትልቁን ሽሪምፕ ጠቀለለች። ወደ ሳህኑ ግን አልወሰደችውም። አየር ላይ፣ ልክ አፍ በሚሆንበት ቦታ፣ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ባንኮኒው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ማኘካቸውን አቆሙ፤ ፉሚኮ ሽርጣቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እማዬ፣ እንብላ» አለች።

ምንታምር ጥርሷን ነከሰች። አትስጪኝ፣ ልጄ፣ ጣይው እያለች ጮኸች፤ ከአፏ የወጣ ድምፅ አልነበረም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ግንባሯን ከድንጋዩ ጋር አጣበቀች፣ ይህን ያህል ጽናት ከየት እንዳገኘች እስኪገርማት ድረስ ጸናች። ከኋላዋ ግን ሽታው መጣ፤ የትኩስ ሩዝ ሽታ፣ የልጇ ጣት ሽታ፣ በዓመት ውስጥ ወደ እሷ የተዘረጋ የመጀመሪያው ሙቀት። ኤፍራታ እጇን አላወረደችም። እንግዳ መጀመሪያ እምቢ እንደሚልና ጨዋነቱ እንደሆነ፣ እሷ ግን መተው እንደሌለባት ታውቃለች።

«በሞቴ» አለች ልጅቷ።

ምንታምር ፊቷን ከግድግዳው መለሰችና አፏን ከፈተች።